በሚሊንግ ማሽን የፑሊ ውስጥ ኪይዌይ አቆራረጥ፦ ሻፍቱን ከመለካት ኪዩን እስከ ማስገባት

ሐጂ ፑሊውን በጆንያ ጠቅልለው ነው ያመጡት። ከቃሉ ገጠር፣ ከወፍጮ ቤታቸው። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ኪዩ፣ ማለትም ፑሊውን ከሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው አራት ማዕዘን ብረት፣ ራሱ ተንሸራትቶ ወደቀ። ከፌሮ ተቆርጦ በሞረድ የተስተካከለ ነው። ኪይዌዩ፣ ማለትም የኪዩ ማስገቢያ ቦይ፣ በመሮ ተቆፍሯል። አንዱ ጎን ሰፍቷል፣ ሌላው ተጣሟል። በዚህ ላይ ዙሪያውን ብየዳ ነጥብ ነጥብ ተደርጎበታል።

«ልጄ፣ በሦስት ወር ሦስቴ ወለቀብኝ። ሰው እህሉን ተሸክሞ መጥቶ ይመለሳል» አሉኝ።

«አብሽሩ ሐጂ፣ ይሠራል» አልኳቸው።

ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ቶርኖ ቤት ያለው ሰው ይህን ፑሊ ያውቀዋል። በየወሩ ይመጣል። አንዳንዴ የወፍጮ ነው፣ አንዳንዴ የቦርከና ዳር የመስኖ ፓምፕ፣ አንዳንዴ የእንጨት መሰንጠቂያ። ብዙዎቻችን ቀዳዳውን በቶርኖ አሳምረን እናወጣና ኪይዌዩ ላይ ስንደርስ መሮና ሞረድ እናነሳለን። ስሎቲንግ ማሽን፣ መቁረጫውን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሰ ቦይ የሚያወጣው፣ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ብሮች፣ በቀዳዳው ውስጥ እየተገፋ የሚቆርጠው ባለ ጥርስ መቁረጫ፣ ደግሞ ለእያንዳንዱ ስፋት የራሱ ይፈለጋል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ግን ተራ ሚሊንግ ማሽን ካላችሁ ኪይዌዩን በንጽህና መቁረጥ ትችላላችሁ። ማሽኑን እንደ ሚሊንግ ሳይሆን እንደ እጅ ስሎተር ነው የምንጠቀምበት። ስፒንድሉ አይዞርም። ኩዊሉ፣ ማለትም በእጀታ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፣ ቱሉን፣ ማለትም መቁረጫውን፣ ይዞ እየወረደ ይልጋል።

ሞተሩ ስለማይዞር ሥራው መብራት በጠፋ ቀንም ይሠራል። በር ከፍታችሁ ብርሃን ካገኛችሁ በቂ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ለእንደዚያ ቀን አስቀምጣለሁ።

ኪይ የሚሠራው በጎኑ ነው

ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ቀድሜ ልናገረው። ሞተሩ ሻፍቱን ሲያዞር ሻፍቱ ኪዩን በጎኑ ይገፋል። ኪዩ ደግሞ ፑሊውን በሌላው ጎኑ ይገፋል። የኪዩ አናት ምንም አይሸከምም። እንዲያውም ከአናቱ በላይ ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት።

ስለዚህ ጥልቀቱ 0.1 ሚሜ ቢበልጥ ፑሊው አይጎዳም። ስፋቱ 0.1 ሚሜ ከበለጠ ግን ሞተሩ በተነሳና በቆመ ቁጥር ኪዩ ወዲያና ወዲህ ይመታል። እያንዳንዱ ምት ጎኑን ትንሽ ይበላዋል። የሐጂ ፑሊ ሦስቴ የወለቀው በዚህ ነው። ብየዳው ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ካስት አይረን እንደዚያ በጥድፊያ ሲበየድ ጠርዙ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ ሻፍቱን ለኩ

ፑሊውን ብቻ ይዞ የመጣ ደንበኛ ሻፍቱንም ያምጣ። ካልሆነ ሄዳችሁ ለኩ። የድሮው ቀዳዳ ምስክር አይሆንም፤ ማን እንዴት እንዳሰፋው አይታወቅም።

የሐጂ ሞተር 7.5 ኪሎ ዋት፣ ባለ 4 ፖል ነው። በዓለም አቀፉ የሞተር መለኪያ ይህ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የ132 ቁመት ፍሬም ላይ ይሠራል፣ ሻፍቱም 38 ሚሜ ነው። ለካሁት፣ ልክ 38 ነው። ለዚህ ሻፍት ኪዩ 10 በ8 ነው። 10 ስፋቱ፣ 8 ቁመቱ።

አብዛኛው የአውሮፓና የቻይና ሞተር የሚከተለው የዲን 6885፣ የጀርመኑ ስታንዳርድ፣ ልክ ይህ ነው። ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉት። ሻፍቱ ከ17 በላይ እስከ 22 ሚሜ ከሆነ ኪዩ 6 በ6፣ የሀቡ፣ ማለትም ሻፍቱ የሚገባበት የፑሊው ወፍራም መሀል፣ ጥልቀት 2.8 ሚሜ። ከ22 እስከ 30 ከሆነ 8 በ7፣ ጥልቀቱ 3.3። ከ30 እስከ 38 ከሆነ 10 በ8፣ ጥልቀቱ 3.3። ከ38 እስከ 44 ከሆነ 12 በ8፣ ጥልቀቱ አሁንም 3.3። ከ44 እስከ 50 ከሆነ 14 በ9፣ ጥልቀቱ 3.8። ልክ ድንበሩ ላይ ያለ ሻፍት ወደ ትንሹ ልክ ይገባል። የሐጂ 38 ስለዚህ 10 በ8 ወሰደ እንጂ 12 በ8 አይደለም። አሮጌ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ ግን ልኩ በኢንች ነው። ያን ጊዜ ሰንጠረዡን ትታችሁ ሻፍቱ ላይ ያለውን ቦይ ለኩ።

በ38 ሻፍት ላይ ሻፍቱ ውስጥ 5 ሚሜ፣ ሀቡ ውስጥ 3.3 ሚሜ ይቆረጣል። ድምሩ 8.3 ነው። ኪዩ 8 ነው። ያ የቀረው 0.3 ከአናቱ በላይ መኖር አለበት ያልኩት ክፍተት ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ 41.3። ይህ 38 ሲደመር 3.3 ነው። ከኪይዌዩ ወለል እስከ ትይዩው የቀዳዳ ግድግዳ ያለው ርቀት ነው። ሥራው ሲያልቅ ካሊፐሩ ከ41.3 እስከ 41.5 ባለው ውስጥ ማንበብ አለበት። ጥልቀቱን ከኪይዌዩ አፍ ለመለካት አትሞክሩ። አፉ ላይ ቀዳዳው ክብ ስለሆነ ካሊፐሩ የሚያርፍበት ቦታ የለም።

አሮጌውን ቦይ የት እናድርገው

የተበላሸውን ቦይ ማስተካከል ድካም ነው። አዲስ ቦታ ላይ መቁረጥ ይሻላል። ቦታው ግን በዘፈቀደ አይመረጥም።

ብዙ ሰው ፊት ለፊቱ፣ 180 ዲግሪ ላይ ይቆርጣል። ያን ጊዜ 41.3ን መለካት አይቻልም፤ ትይዩው ግድግዳ ላይ አሮጌው ቦይ አለ። 90 ዲግሪ ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ቀዳዳውን በዳያል ጌጅ፣ በባለ መርፌው መለኪያ፣ መሀል ስታስገቡ መርፌው አሮጌው ቦይ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አድርጉት። አዲሱ ከሚቆረጥበት 135 ዲግሪ ያህል። እዚያ ማንንም አያስቸግርም። በሀቡ ላይ የማጥበቂያ ብሎን ቀዳዳ ካለ ከእሱም ሽሹ። አዲስ ብሎን ከአዲሱ ኪይ በላይ ትበሳላችሁ።

ከመቁረጣችሁ በፊት ሀቡን አገላብጣችሁ እዩ። ከአሮጌው ቦይ ማዕዘን የተነሳ ስንጥቅ ካለ ሥራውን ተዉት፣ ለባለቤቱም በግልጽ ንገሩ። በወፍጮ ቤት የሚፈነዳ ፑሊ ሰው ይገድላል።

ባሩና ቱሉ

ባሩ ቱሉን የሚይዘው ክብ ብረት ነው፤ ቀዳዳው የሚችለውን ያህል ወፍራም ይሁን። ለ38 ቀዳዳ 25 ሚሜ ባር እጠቀማለሁ። ከአሮጌ የመኪና ሻፍት ተልጎ የወጣ ነው። ከጫፉ ከፍ ብሎ ቱሉ የሚገባበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። መጀመሪያ በድሪል በስቼ ቀሪውን በሞረድ አስተካክያለሁ። ከጫፉ በኩል የሚገባ ኤም 8 ብሎን ቱሉን ወጥሮ ይይዘዋል። ቱሉ ከባሩ ውጭ 6 ሚሜ ያህል ብቅ ይላል። ባርና ቱል ተደምረው 31 ሚሜ ናቸው፣ ስለዚህ 38ቱ ውስጥ ሳይነኩ ይገባሉ። ቱሉን የበለጠ አታውጡት። በረዘመ ቁጥር ይርዳል፣ የሚርድ ቱል ደግሞ ጎኑን ያበላሻል።

ቱሉ 10 በ10 የኤችኤስኤስ፣ ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ፣ ብረት ነው። አዲስ ካላገኛችሁ ከተሰበረ ትልቅ ኤንድ ሚል (የሚሊንግ መቁረጫ) ማውጣት ይቻላል። ከምናለሽ ተራም ሆነ ከሰፈር ቁርጥራጭ የገዛችሁትን ግራይንደር ላይ ነክታችሁ ፈትኑ። ኤችኤስኤስ አጭርና ደብዛዛ ቀይ ብልጭታ ይሰጣል። እንደ ርችት የሚበተን ደማቅ ብልጭታ ከሆነ ተራ የካርቦን ብረት ነው፣ ይመለስ።

ስለቱን ስታወጡ ቱሉ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚቆም አስቡ። አግድም ተይዞ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሚቆርጠው ጠርዝ ከታች ነው። የቱሉ ታችኛው ፊት ከጠርዙ ተነስቶ ወደ ባሩ ሲሄድ ትንሽ ወደ ላይ ይዘንበል። ለብረት ከ5 እስከ 10 ዲግሪ፣ ለካስት አይረን ከ0 እስከ 5 ይበቃል። የፊቱ ጫፍ ከጠርዙ በላይ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ወደ ኋላ ይሽሽ። ሁለቱ ጎኖች ደግሞ ከጠርዙ ወደ ላይም ወደ ባሩም ሲሄዱ 1 ወይም 2 ዲግሪ ይጥበቡ። ጎኑ ካልጠበበ ቱሉ ቦዩ ውስጥ ይሻጣል፣ ይጣበቃል፣ ጎኑን ይቧጭራል።

የጠርዙን ስፋት 9.6 ሚሜ አድርጉት። ልክ 10 አታድርጉት። ምክንያቱም በአንድ ምት 10 ሚሜ ከሚቆርጥ ቱል የሚወጣ ጎን ሸካራ ነው፣ ቢሰፋም መመለሻ የለውም። 9.6 ቆርጣችሁ ወለሉ ላይ ስትደርሱ ሁለቱን ጎኖች በየተራ ትላጫላችሁ። ልኩ በእጃችሁ ይሆናል።

ሀቡ ብረት ከሆነ መጀመሪያ 6 ሚሜ ስፋት ባለው ሌላ ቱል መሀሉን አውጡ። ስፋቱ በቀነሰ ቁጥር የምትገፉበት ጉልበት ይቀንሳል። ካስት አይረን ላይ ግን 9.6ቱ ብቻውን ይሄዳል።

የቱሉን የኋላ ጭራ አትንኩት፣ ጎኖቹ ትይዩ ሆነው ይቆዩ። በኋላ ይፈለጋል።

ፑሊውን ማሰር

የፑሊው ቀዳዳና የሀቡ ፊት በአንድ አያያዝ በቶርኖ የተላጉ መሆን አለባቸው። ያን ጊዜ ሀቡ በፊቱ ሲቀመጥ ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፊቱ ካልተላገ መጀመሪያ ወደ ቶርኖ መልሱት። ይህን የዘለለ ሰው ኪይዌዩን የቱንም ያህል ቢያሳምር ጠማማ ይሆንበታል።

ቴብሉን ጥረጉ። ሀቡን በሁለት እኩል ቁመት ባላቸው ብረቶች ላይ አስቀምጡ። ከሥሩ ቢያንስ 20 ሚሜ ክፍተት ይኑር። ቱሉ አልፎ የሚወጣበትና ብናኙ የሚወርድበት ነው። በቲ ቡሎንና በክላምፕ እሰሩ። የካስት አይረን ፑሊ እጆች ስስ ናቸው። ክላምፑ እጁ ላይ ካረፈ ልክ ከሥሩ ድጋፍ ይግባ፣ አለዚያ ዳዶውን ስታጠብቁ ይሰበራል። እኔ ከተቻለ ሀቡ ላይ ብቻ አስራለሁ።

ከታች ባለው የቀዳዳው አፍ ላይ፣ ቦዩ በሚወጣበት በኩል፣ ቀድማችሁ 1 ሚሜ ያህል ጠርዙን በሞረድ ስበሩ። ካስት አይረን ቱሉ ሲወጣ ጠርዙ ይሸረፋል።

ማሽኑን ማስተካከል

እዚህ ላይ ሰዓት አትቆጥቡ።

ዳያል ጌጅ ኩዊሉ ላይ አስሩ። ቴብሉ ላይ ጥሩ ስኩየር (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) አቁሙ። መርፌውን ስኩየሩ ላይ አሳርፋችሁ ኩዊሉን 80 ሚሜ ያህል አውርዱ። መርፌው ከ0.02 ሚሜ በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ከፊትም ከጎንም እንዲሁ። ብዙ ሰው ዳያሉን ቴብሉ ላይ በክብ አዙሮ ጭንቅላቱ ቀጥ ነው ይላል። ያም ጥሩ ነው። ግን የሚቆርጠው የኩዊሉ ጉዞ ስለሆነ ጉዞውን ራሱን መለካት ይበልጣል። ኩዊሉ ዘንበል ብሎ ከወረደ ኪይዌዩ ከላይ ጥልቅ ከታች ጥልቅ ያልሆነ ወይም ጠማማ ይወጣል።

ቀጥሎ ዳያሉን ስፒንድሉ ላይ አድርጋችሁ በእጅ እያዞራችሁ ቀዳዳውን ዙሩ። በአራቱም አቅጣጫ መርፌው እኩል እስኪያነብ ቴብሉን አስተካክሉ። አሁን ቀዳዳው በስፒንድሉ መሀል ነው። የሁለቱንም እጀታ ዜሮ አድርጉ። ዋይን፣ ማለትም ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደውን፣ ቆልፉ። መቁረጡ የሚሄደው በኤክስ ነው፣ በቴብሉ ረጅም ጉዞ።

ሶኬቱን ንቀሉ

ባሩን ከመግጠማችሁ በፊት የማሽኑን ሶኬት ንቀሉ ወይም ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ቺፑን ሊጠርግ ጎንበስ ሲል ክርኑ ማብሪያውን ነካው። ባሩ ቀዳዳው ውስጥ ነበር። ቱሉ ተሰብሮ ግድግዳ መታ፣ ባሩም ጎበጠ። የልጁ እጅ ከዚያ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶኬቱን ራሴ ነቅዬ ገመዱን ቴብሉ ላይ አስቀምጣለሁ። ለሁሉም ይታያል።

ባሩን በኮሌት፣ ዙሪያውን እኩል በሚጨብጠው መያዣ፣ ያዙ። በድሪል ቻክ አትያዙት፣ ይንሸራተታል። ስፒንድሉን ወደ ዝቅተኛው ጊር አስገቡና ብሬኩን ቆልፉ። ከዚህ የሚሻል ግን አለ። የተሰነጠቀ ቀለበት ሠርታችሁ ባሩን ከኩዊሉ ውጫዊ ቱቦ ጋር ማሰር ነው። ኩዊሉ አይዞርም፣ ስለዚህ ባሩም አይዞርም።

ከመቆለፋችሁ በፊት ቱሉ ቀጥ ብሎ ማየት አለበት። ዳያሉን ቴብሉ ላይ አቁማችሁ መርፌውን ያልተነካው የቱሉ ጭራ ጎን ላይ አሳርፉ። ቴብሉን በኤክስ ቀስ ብላችሁ ውሰዱ። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ስፒንድሉን ጥቂት አዙሩ። ጸጥ ሲል ቆልፉ።

ሁለቱ ማዕዘኖች

ቱሉን ወደ ቀዳዳው አፍ አውርዱ፣ 3 ወይም 4 ሚሜ ብቻ። ቀዳዳው ውስጥ ጠመኔ ወይም ማርከር ቀቡ። ኤክስን ቀስ ብላችሁ አስጠጉ። ጠርዙ ቀጥ ነው፣ ቀዳዳው ክብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነኩት የጠርዙ ሁለት ማዕዘኖች ናቸው። ቀለሙ ላይ ሁለት ጭረት ይታያል። እኩል ከሆኑ ቱሉ መሀል ነው። አንዱ ቀድሞ ከነካ ዋይን ፈታችሁ ከነካው ጎን አሽሹ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚጨነቁበትን ልንገራችሁ። ኪይዌዩ ከመሀል 0.05 ሚሜ ቢሸሽ ፑሊው በሻፍቱ ላይ በጥቂቱ ዞሮ ይቀመጣል እንጂ አይከለክለውም። ለተራ ፑሊ ምንም አይደለም። ቦዩ በርዝመቱ ጠማማ ከሆነ ግን ኪዩ መሀል ደርሶ ይታገታል። ጭንቀታችሁን ስኩየሩ ላይ አድርጉ።

ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ሲነኩ የኤክስን እጀታ ዜሮ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ስንት ይቀራል? ማዕዘኖቹ ሲነኩ ጠርዙ ከመሀል 18.38 ሚሜ ላይ ነው። ይህ የ19ን ካሬ ከ4.8 ካሬ ቀንሶ ሥሩን በማውጣት ይገኛል፤ 19 የቀዳዳው ግማሽ፣ 4.8 የቱሉ ግማሽ ነው። የመጨረሻው ወለል ከመሀል 22.3 ላይ ነው። ልዩነቱ 3.92 ሚሜ። እጀታው 3.92 ሲያነብ ጨረሳችሁ። 3.3 ላይ ያቆመ ሰው 0.6 ጎድሎበት ኪዩ አልገባ ይለዋል፣ ከዚያ ኪዩን ከላይ ይሞርደዋል። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው።

መቁረጥ

የኩዊሉን የጥልቀት ማቆሚያ ቱሉ ከታች 5 ሚሜ ያህል አልፎ እንዲወጣ አድርጉ። ከላይም እንዲሁ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ቦዩ ውስጥ የሚቆም ምት ቺፕ ያከማቻል።

0.05 አስገቡ፣ አውርዱ፣ አንሡ። 0.05 አስገቡ፣ አውርዱ፣ አንሡ። ለብረት 0.03 ይሁን። በሐጂ ፑሊ ወደ 80 ምት ነው። በእርጋታ ከሄዳችሁ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ምቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ፍጥነት ይኑረው። መሀል ላይ አትቁሙ።

እጀታው ላይ ቧንቧ ጨምራችሁ አታስረዝሙ። ቧንቧ ካስፈለገ ምታችሁ በዝቷል ወይም ቱሉ ደንዟል ማለት ነው። ኩዊሉን የሚያንቀሳቅሱት ጥርሶች ትንንሽ ናቸው። የስፒንድሉ ኩሽኔታም ቆሞ እያለ ከታች ሲመታ ኳሶቹ መስመራቸው ላይ ጉድጓድ ይተዋሉ። ማሽኑን የሚጎዳው የምቱ ብዛት ሳይሆን የምቱ ክብደት ነው።

ካስት አይረን በደረቁ ይቆረጣል። ዘይት ካደረጋችሁበት ብናኙ ጭቃ ይሆናል። በብሩሽ ጥረጉ እንጂ በአየር አትንፉ፣ ዓይን ውስጥም ማሽኑ ውስጥም ይገባል። ብረት ከሆነ በየጥቂት ምቱ የመቁረጫ ዘይት በብሩሽ ንኩ።

ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አስገቡ። አሳልፋችሁ ከሄዳችሁ አንድ ሙሉ ዙር መልሳችሁ እንደገና ኑ። የአሮጌ ማሽን ስክሩ ልቅ ነው፣ በተቃራኒ ስታዞሩት እጀታው ያነባል ቴብሉ ግን አይንቀሳቀስም።

3.7 አካባቢ ስትደርሱ ቁሙና ለኩ። ካሊፐሩ ከ41.3 ስንት እንደጎደለው ይንገራችሁ፣ እጀታውን ብቻ አትመኑ። የቀረውን በ0.02 ሂዱ። መጨረሻ ላይ ምንም ሳታስገቡ ሁለት ሦስት ጊዜ አውርዱ። ባሩ ተለጥጦ የተወውን ይጠርጋል።

ጎኖቹን መላጨት

አሁን ቦዩ 9.6 ገደማ ነው። ዋይን ፈትታችሁ ወደ አንድ ጎን 0.05 ውሰዱ፣ ቆልፉ፣ አውርዱ። ደግማችሁ። 0.15 ከላጫችሁ በኋላ መሀሉን አልፋችሁ ወደ ሌላው ጎን ሂዱና እንዲሁ አድርጉ። የስክሩን ልቅነት እዚህም አስቡ። አሁን 9.9 ላይ ናችሁ።

ከዚህ በኋላ መለኪያው ኪዩ ራሱ ነው። የስፋቱ ልክ ከ9.98 እስከ 10.02 ነው፤ በተራ ካሊፐር ይህን በጠባብ ቦይ ውስጥ ማመን አስቸጋሪ ነው። ኪዩን ጫፉን ጥቂት ሰብራችሁ ሞክሩ። 0.02 ላጩ፣ ሞክሩ። በአውራ ጣት ገፍታችሁት ትንሽ እምቢ እያለ የሚገባ ከሆነ ደረሳችሁ። ልቅ ብሎ ከወደቀ አልፋችኋል። ፑሊውን ሳትፈቱ ሞክሩ። አንዴ ከፈታችሁት መልሳችሁ በዚያው ቦታ አታስሩትም።

ካለፈባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ ደረጃ ያለው ኪይ በሚሊንግ ማውጣት ይቻላል። በላሜራ መሙላትን ግን አልመክርም። ላሜራው በሳምንት ተፈጭቶ ይወጣል።

የሀቡ ርዝመት ከኩዊሉ ጉዞ በላይ ከሆነ ከሁለት በኩል አትቁረጡ፣ መሀል ላይ አይገናኝም። ያን ጊዜ ያንኑ ባር ቶርኖ ላይ ቱል ፖስት ውስጥ አስራችሁ፣ ቻኩን ቆልፋችሁ፣ ካሬጁን በእጅ እያመላለሳችሁ ሥሩ። አሠራሩ ያው ነው።

መግጠም

የቦዩን ጠርዞች በሞረድ ጥግ ቀስ ብላችሁ አለስልሱ። ኪዩን ከፌሮ አትሥሩ። ለኪይ የሚሸጥ የተሳበ አራት ማዕዘን ብረት ወይም ሲ 45 የሚባለውን ብረት ፈልጉ። ኪዩ ሻፍቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ፑሊው ግን ላዩ ላይ ይንሸራተት። በመዶሻ አትምቱት፣ ምቱ የሞተሩን ኩሽኔታ ያገኘዋል። ከኪዩ በላይ የበሳችሁትን ብሎን አጥብቁ። የብሎኑ ሥራ ፑሊው ወደ ውጭ እንዳይሸሽ መያዝ ብቻ ነው።

ሐጂ በማግስቱ መጡ። ፑሊው ሻፍቱ ላይ ሲገባ ቆመው አዩ። «ብየዳውስ?» አሉኝ። አያስፈልግም አልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኳቸው። ከሳምንት ሥራ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቺንጋውን አውርደው፣ ሻፍቱን አንድ ሰው ይዞ ፑሊውን በሁለት እጅ ወዲያና ወዲህ እንዲነቀንቁት። ትንሽ እንኳን «ቋ» ካለ ሳይሠሩበት እንዲያመጡልኝ። ካላለ ብሎኑን አንድ ጊዜ አጥብቀው ቺንጋውን ይመልሱ።